ሳጥን ሠሪው ኦጉቱ «ያረፈ» ዕለት

ኦጉቱ በያላ ከተማ ገበያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሬሳ ሳጥን ሲሠራ ነው ጠጉሩ የሸበተው። እጁ የተመሰከረለት አናጢ ነው፤ የጎዳው ቦታው ነው። ሐዘንተኛ በወፍጮ ቤት ጓሮ አይዞርም። ዋናው መንገድ ዳር ደግሞ ተፎካካሪው ዋሶንጋ ሳጥኖቹን መስታወት ውስጥ እንደ ሙሽራ ኳኩሎ ደርድሯል። ያላ ላይ የሚሞት ሰው ሁሉ በዋሶንጋ በኩል ነው የሚያልፈው።

የኦጉቱ ሚስት አፖንዲ አሳ ትጠብሳለች፤ ምላሷ ከዘይቷ ይብስ ያቃጥላል። አንድ ጠዋት ባሏ የተወለወለ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሲያዛጋ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሟች በእግሩ እስኪመጣልህ ነው የምትጠብቀው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ወጥቼ ሰው ልግደል?»

«የሟችን የቀብር ወጪ የሚችሉት ናይሮቢ ያሉት ልጆቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ውሏቸው ስልክ ላይ ነው። ፌስቡክ ላይ እናውጣህ።»

ኦጉቱ ሳቀ። ሳጥን እንደ ቀሚስ በስልክ ይመረጣል? ቢሆንም ሞከሩት። ባዶው ሳጥን ፎቶው ላይ የከብት ገንዳ መሰለ፤ ርዝመቱም አልታይ አለ። ኦጉቱ የሚኮራው ደግሞ በርዝመቱ ነበር። ረጃጅም ሽማግሌዎች ጉልበታቸው ታጥፎ ሲቀበሩ ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርር ነበር፤ እሱ ራሱ ሳያጎነብስ በበር አይገባም።

«ግባበት» አለችው።

«ምኑ ውስጥ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ነዋ! ልክህ ነው።»

እየተነጫነጨ ገብቶ ተጋደመ። ፀሐይ ስትወጋው ዓይኑን ጨፈነ። አፖንዲ ፎቶ አነሳችውና የያላ ተወላጆች በሚገናኙበት ገጽ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩ፣ «አናጢው ኦጉቱ በገዛ ሳጥኑ ውስጥ አርፏል። ሰፊ ነው፣ ይመቻል» ብላ ጻፈችና ወደ አሳዋ ሄደች።

ያየው ሰው ሁሉ «አርፏል» ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቆመ።

እኩለ ቀን ላይ ኦጉቱ ቤቱ ሆኖ ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በአሳ እያጣጣመ ሳለ ከመንገዱ ዋይታ ተሰማ።

«ማን ሞተ?» አለ በተስፋ።

አፉን እንደሞላ ብቅ ሲል ግቢው በአልቃሽ ተጥለቅልቋል። ከፊት የአባቱ እኅት አውዎር ነበረች። ስታየው ዋይታዋን አቋረጠች። ከዚያ ከዘራዋን ትከሻው ላይ አሳረፈችው።

«አንተ ቀልማዳ! ከሞትክ ሙት፣ ካልሞትክ ንገረን! በሞተር ብስክሌት ወገቤ ተቆርጦ ነው የመጣሁት!»

«አክስቴ፣ ምን አጠፋሁ? ምሳዬን እየበላሁ ነው እኮ!»

«እሱማ እያየሁህ ነው!»

ከሴቶቹ ኋላ ዋሶንጋ ጥቁር ኮቱን ግጥም አድርጎ ለብሶ ቆሟል። ከኪሱ የሜትር ጫፍ ይታያል። ያየችው አፖንዲ ናት።

«ዋሶንጋ፣ ልታለቅስ ነው ልትለካ የመጣኸው?»

«ኧረ እትዬ አፖንዲ... አናጢ ለራሱ አይሠራም ብዬ...»

«ይኼ ሁሉ ቁመት ባንተ ሳጥን ይገባል?»

ዋሶንጋ ኦጉቱን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው። «ጉልበቱን ትንሽ ብናጥፈው...» አለ፤ ሳያስበው።

አልቃሾቹ በሳቅ ፈነዱ። አውዎር ግን ለልቅሶ ጠርቶ በባዶ ሆድ መሸኘት የለም ብላ ሁለት ዶሮ አሳረደች። አንዷ እንግዳ «ሟቹ» የዶሮ እግር ሲግጥ በስልኳ ቀርጻ ለቀቀችው።

ቪዲዮው ናይሮቢ ገባ፣ ሞምባሳ ወረደ። አገር ሲስቅ ሰነበተ። ከዚያ አንድ የማይስቅ ሰው ደወለ።

«ጃዱዎንግ» አለ ሽማግሌ በሚከበርበት አጠራር፣ «አባቴ አርፏል። እንደርስዎ ረጅም ነው። እግሩን ሳያጥፍ ይተኛል?»

ኦጉቱም ቀልዱ ጠፋው። «ይዘረጋል ልጄ። እንደ አልጋው አድርጌ ነው የምሠራለት።»

ጣውላው ሲላግም ሆነ ቫርኒሹ ሲቀባ አፖንዲ ፎቶ እያነሳች ላከችለት። ልጁ ሳጥኑ ሳይደርሰው በፊት አምኖበት ነበር። ለወንድሞቹ አሳየ፤ እነሱም ለወዳጆቻቸው።

ትእዛዝ ከኪሱሙም ከናኩሩም ይጎርፍ ጀመር። ሱቁ የት ጓሮ እንዳለ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ሥራው ሲበዛበት ኦጉቱ ክዳን ክዳኑን ለዋሶንጋ ሰጠው፤ ዋሶንጋም ያጉረመርማል እንጂ እምቢ አይልም። አፖንዲ መጥበሻዋን ለእኅቷ አስረክባ ስልኩን ያዘች። ደዋዮች የአናጢውን ስም ሲዘነጉ፣ «ሟቹን አቅርቡልን» ይሏታል። ኦጉቱ መላጊያውን ያስቀምጥና ሰጋቱራውን ከጢሙ አራግፎ፣ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል።