በጉም ውስጥ ቅጠል ሲያረግፉ ያገኘኋቸው ሰው

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ያ ጠዋት እንደገና ትዝ አለኝ። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጉም ባየሁ ቁጥር ግን አሁንም እዚያ ቦታ የቆምኩ ይመስለኛል።

የምኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በደብረ ኤልያስ መንገድ ባለ ገጠር ነው። ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት ከጓሯችን ስድስት የአፕል ችግኞች ተክሎ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እኔ እየኮተኮትኩ፣ ፍግ እያለበስኩ አሳደግኳቸው። ቁመታቸው ከእኔ በለጠ። ፍሬ ግን አንድም ቀን አላየሁባቸውም።

ያን ዓመት ደግሞ መስቀል ካለፈ በኋላም ዝናቡ አልወጣ አለ። ሰማዩ እንደዳመነ፣ ብርዱ ሳይመጣ፣ አየሩ ሞቅ እንዳለ ጥቅምት ሊያልቅ ተቃረበ። ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ። ጎመኑን ትል በላው። የአፕሎቹ ቅጠል ብቻ እንደ ሐምሌ ለምለም ነበር።

የባለቤቴ ወንድም አያሌው መጥቶ ጓሮውን ዞር ዞር ብሎ አየ። «እንግዲህ ይበቃል። እነዚህን ቆርጠሽ ድንች ትከይበት። ልጆቹ ጥላ አይበሉ» አለኝ። ያለው ልክ ነው። በማግስቱ ጠዋት መጥረቢያ ልዋስ ወደ አበልጄ ቤት ተነሳሁ።

መንገዱን አጋምሼ ሳለሁ ከወንዙ በኩል ጉም ተነሳ። መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ በመጨረሻ የራሴን እግር ዋጠው። ስመላለስበት የኖርኩት መንገድ ጠፋኝ። እየዳበስኩ ስሄድ ጭር ያለ ቦታ ገባሁ። ወፍ የለ፣ ውሻ የለ። የሚሰማው አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲቀነጠስ ብቻ ነው። ፈራሁ። አማተብኩ።

ጉሙ ትንሽ ሳሳ ሲል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ታዩኝ። ከዛፍ ሥር ቆመው ቅጠሉን አንድ በአንድ እየቀነጠሱ መሬት ላይ ይጥላሉ። ከኋላቸው ሌሎች ዛፎች ራቁታቸውን ቆመዋል። አወቅኳቸው፤ አፕል ናቸው።

ሰውየው ጤነኛ አልመሰሉኝም። «አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

ዘወር ብለው አዩኝ። አልደነገጡም። «እያስተኛኋቸው ነው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ዛፎቹን ነዋ! ይኸ የብርድ አገር ዛፍ ነው። ቅጠሉን ጥሎ ካልተኛ አያፈራም። ዘንድሮ ብርዱ ቀረና ክረምቱ ያለፈ አልመሰለውም። ቅጠሉን ስናነሳለት ይተኛል፤ ሲነቃ ያብባል።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ስለ ባለቤቴም፣ ስለ ዛፎቹም፣ ስለ መጥረቢያውም ነገርኳቸው። እጃቸው ሳያርፍ ሰሙኝ።

«የእኔም ያፈራል ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያፈራል እንጂ! ተመለሽ፣ እታለም። ቀስ ብለሽ ቀንጥሺ፤ ከቅጠሉ ሥር ያለችውን እምቡጥ እንዳትነኪ።»

ተመለስኩ። ስድስቱን ዛፍ ለማራገፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አያሌው ሲያየኝ አፉን ይዞ ቆመ። «ጠበል እንውሰድሽ እንዴ?» አለኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ቅጠሉ እግሬ ሥር ሲከመር እኔንም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት አራቱ ዛፎች ነጭ ሆነው ጠበቁኝ። ጫፉ ሮዝ የሆነ ነጭ አበባ። ልጆቼን ጠራኋቸው። ብርዱ ውስጥ ቆመን አየን። ግንቦት ላይ አንድ ቅርጫት የማይሞላ ፍሬ ለቀምን። አያሌው አንዱን ገመጠና «ወንድሜ ይኸን ሳያይ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሰባት ፍሬ መርጬ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። በብርሃን ሳየው ቦታው ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ዝቅ ያለ ረባዳ ነው። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ!

«አባቴ፣ ያሉኝ ሆነ» ብዬ ፍሬውን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አሸተቱት።

«እንዲህ ነው የሚሸተው?» አሉ።

ግራ ገባኝ። «የእርስዎስ?»

«የእኔማ አበበና ውርጭ ተኛበት። ቦታው ጉድጓድ ነው፤ አበባው ሁሉ አረረ።» ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ? ነገሩን ቁይ ገበያ ላይ ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት። አንቺ ስትመጪ መሞከር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ፊትሽን ሳየው ግን ‹አላውቅም› ማለት አቃተኝ።»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

ስለዚህ ነገር ዋሹኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። የእኔ ጓሮ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውርጭ ብዙም አይተኛበትም። ስለዚህ በዚያው ክረምት ሽማግሌው ሁለት የአፕል ችግኝ አምጥተው እኔ ዘንድ ተከሉ። እስካሁን አላፈሩም። ጠዋት ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው እየመጡ ያዩአቸዋል። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ ብቻ፣ እጃቸውን ግንዱ ላይ አድርገው «መቼ ይሆን የሚያፈራው?» ይሉኛል።

«በሚመጣው ዓመት» እላቸዋለሁ። አላውቅም፤ ግን እላቸዋለሁ።