ባዶ የማይቀበለው ዓምድ

የአንድ ለአምስት ስብሰባ ሥራ በሚያስፈታበት ዘመን፣ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን መረጃ በኮምፒውተር አደራጅ ነበር። አንድ ክረምት ርዕሰ መምህሩ ከእያንዳንዱ ተማሪ ስም ጎን «ሁኔታ» የሚል ዓምድ እንድጨምር አዘዙኝ። ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጆች በዝተው ማን እንዳለ ማን እንደሌለ መለየት አቅቷቸው ነበር።

ዓምድ መጨመር ቀላል ነው። ጣጣው ቀድሞ የገቡት ስሞች ናቸው። የምሠራበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተገነባበት ማዕቀፍ፣ የመረጃ ቋቱን ከመቀየሩ በፊት «ለነባሮቹ ምን ልሙላ?» ብሎ ድርቅ ይላል፤ ባዶ አይቀበልም። አብዛኞቹን «በትምህርት ላይ» አልኳቸው። የቀሩትን ግን ከመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጋር አንድ በአንድ እየተጠያየቅን «አቋርጣለች»፣ «ተመልሳለች» እያልን ለየናቸው። ሠራተኛዋ የሰፈራችን ትልቅ ሴት ናቸው፤ የማን ልጅ የት እንደገባች ያውቃሉ፤ ቀልድም አያልቅባቸውም።

የታናሽ እህቴ ስም ላይ ደረስን። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ደህና ስትደውል ቆይታ፣ ስልኳ ከተዘጋ ሰንብቷል።

«ለሷ እንኳ ‹ትመለሳለች› የሚል ምርጫ ልጨምርላት እንዴ፣ እትዬ?» አልኳቸው።

አልሳቁም። «የሷን ተወው፣ ልጄ።»

«ባዶ አይቀበልም እኮ።»

«ተወው አልኩህ!» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ቀስ እያሉ እንደነገሩኝ፣ ከዚያ የተመለሰች አንዲት ልጅ መርዶውን ለሽማግሌዎቹ አድርሳ ኖሯል፤ እነሱም በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቤታችን ሊመጡ ተማክረዋል። ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ ሰላም ሲለኝ ሰንብቷል። በጣም ተናደድኩ፤ ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ግን የወጣው ልቅሶ ነው።

«አብሽር፣ የኔ ልጅ፣ አብሽር። እናትህ ብቻዋን አትስማው። ለዛሬ ቻለው» አሉኝና ፊቴን አስታጠቡኝ።

ማታ ከእናቴ ጋር እራት ቀረብኩ። ሁለቴ እንደጎረስኩ ጨጓራዬን አሞኛል አልኳት።

«ደወልክላት ዛሬ?» አለችኝ።

«አልደወልኩም።»

«እስቲ ሞክራት።»

ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ዝግ ነው ይላል። ቻርጅ ጨርሳ ይሆናል» አለችና መለሰችልኝ። «ነገ ታነሳዋለች፣ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ፣ እማየ» አልኳት።