ከምንጩ እስከ ጎመኑ

አያት ካለው ቤቴ የተነሣሁት ፀሐይ ሳትበረታ ነበር። የጉዞዬ ዓላማ ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ የካ ክፍለ ከተማን የሚያቋርጥ አንድ ወንዝ ለመስኖ ይበጅ እንደሆነ መመርመር ነው። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ በውሃው አትክልት ማልማት ይከለከላል። ውሃውን ማን እንዳበላሸው እንዳጣራ ግን የጠየቀኝ የለም፤ ለዚያ በጀት እንዳልተያዘ በትሕትና ተነግሮኛል።

ከምንጩ

አስፋልቱ ሲያበቃ መኪናው በኮረኮንቹ ጥቂት ወጣ፤ የቀረውን በባሕር ዛፉ መካከል በእግር ሄድን። ወንዝን ከታች ብቻ አይቶ መፍረድ ስሕተት ነው። በዚህ ሸንተረር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ አንድ መውረጃ የሚሰበሰብበት መሬት በሙሉ የወንዙ ተፋሰስ ነው፤ ላይ የተደረገው ሁሉ ታች ይደርሳል። ስለዚህ መነሻው ይለካል፣ የታችኛውም ከእርሱ ጋር ይነጻጸራል።

በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ለክቼ ድንጋይ መገልበጥ ጀመርኩ። ሾፌሩ መስፍን ጫማው እንዳይጨቀይ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ዶክተር፣ በሽተኛው ድንጋይ ሥር ነው እንዴ የተኛው?»

መሣሪያው የሚናገረው የዚያችን ቅጽበት ብቻ እንደሆነ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ወራት የኖሩት የነፍሳት እጮች ግን ያለፈውንም እንደሚመሰክሩ አስረዳሁት። ብክለት የማይችሉት ባለ ሦስት ጭራ እጮች በየድንጋዩ ሥር ነበሩ። ውሃው ጤነኛ ነው።

ከጋራዦቹ በታች

ተራራው ሥር ወዳለው መንደር ወርደን፣ በወንዙ ዳር ከተደረደሩት የመኪና ጋራዦች በላይ ስመለከት እጮቹ ቀንሰዋል፤ አልጠፉም። ከጋራዦቹ በታች፣ የተቃጠለ ዘይት ከሚፈስበት ቦይ ቀጥሎ፣ ኦክስጅን ባነሰበት የሚኖሩ ቀያይ ትሎች ብቻ ቀርተዋል።

በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙት ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። ቤተሰባቸው ቀድሞ ዳገቱን በሙሉ ያርስ ነበር፤ አሁን የቀረቻቸው ይህች የወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት ናት። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ምርቱን ሾላ ገበያ ለሚቸረችሩ ሴቶች እያስረከቡ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ውጤቱ መጥፎ መሆኑን፣ ሳላለዝብም እንደምጽፈው ነገርኳቸው። አንድ የጎመን ቅጠል ቀንጥሰው ወደ እኔ ዘረጉ።

«እርስዎ ቢሆኑ ይበሉታል?»

«አልበላም።»

«እኔም ለልጆቼ አላበላም፤ ዘይቱን እያየሁ እንዴት አድርጌ። ለቤቴ ከሾላ ነው የምገዛው።»

«ሾላ የሚሸጡልዎት የማንን ጎመን ነው?»

«የሌላ ሰው ነዋ።»

መስፍን ሳቀ። ወዲያው ግን የእርሱም ሚስት ከዚያው እንደምትገዛ ነገረን። ወይዘሮ ዘይነባ አልሳቁም። እገዳው ሲወጣ ከልካዮቹ መጀመሪያ የሚመጡት ወደ ጋራዦቹ ሳይሆን ወደ እሳቸው እንደሆነ ያውቃሉ።

አያት

ቤቴ ስደርስ ፍሪጁ ውስጥ ቅዳሜ ከሾላ የገዛሁት ጎመን ነበር። ሻጯ የምንጭ ውሃ የጠጣ እንደሆነ ምላ ነግራኛለች። ድንጋይ ስገለብጥ የምውለው እኔ፣ የየትኛው ምንጭ ብዬ አልጠየቅኋትም። ተፋሰስ ምን እንደሆነ ለዓመታት አስተምሬአለሁ፤ የእኔ ማእድ ከእርሱ ውጭ እንዳልሆነ ግን ያስተማረኝ የዛሬው ጉዞ ነው።

ጎመኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ ዘገባውንም ከጎኑ ተቀምጬ ጻፍኩ። ከአትክልቱ ቦታ የተገኘውን ውጤት እንዳለ አሰፈርኩ። ከዚያ በፊት ግን፣ በመጀመሪያው ገጽ፣ ማንም ያልጠየቀኝን አስቀደምኩ፦ ከጋራዦቹ በላይ እጮቹ አሉ፤ ከጋራዦቹ በታች የሉም።