ወንዙን የያዘው ገመድ

ወታደሩ የመጣ ቀን ቤታችን ውስጥ የነበርነውን በተቀመጥንበት ተራ እጽፋለሁ። አባቴ ምሰሶው ሥር በርጩማ ላይ። ከእርሱ ቀጥሎ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ የወንጌል አማኞች ሽማግሌ። በሩ አጠገብ፣ ሶዶ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ጨውና ጋዝ የሚሸጠው የስልጤ ሰው፣ የአባቴ የቆየ ወዳጅ። ከአባቴ ፊት ለፊት ወታደሩ፣ የቦዲቲ ልጅ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ኮንጎ ዘምቶ የተመለሰ። እናቴ ከብቶቹ በሚያድሩበት በኩል መሬት ላይ፣ እኔ ከጎኗ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ መሞቱን ቀደም ብለን ሰምተናል። ሬሳ አልመጣም። በእኛ ዘንድ ሰው ርቆ ሲሞት ዘመድ ለቅሶ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ አብሮት የነበረ ሰው አሟሟቱን ይናገራል፤ ከዚያ ወንዶች ሥራውን በአካላቸው ያሳያሉ። አውሬ ገዳይ የነበረውን በጦር፣ ከጠላት ጋር ተዋግቶ የወደቀውን በጋሻ። አባቴ አሟሟቱን ካልሰማሁ ሜዳ አልወጣም ብሎ ነበር። ምን እንደሚያሳይ አያውቅም ነበርና።

«ማንን ገደለ?» አለ።

«ማንንም አልገደለም፣ አባባ።»

«ታዲያ ማን ገደለው?»

«ውሃ።»

እናቴ አላለቀሰችም። እኔ የወታደሩን ጫማ እያየሁ ነበር። የግራው ማሰሪያ ጥቁር፣ የቀኙ ቡናማ ነው።

«ጠመንጃውስ?»

«ዳር አስቀምጦት ነበር። ገመድ ለመያዝ ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

አባቴ ከበርጩማው ተነሳ። «ልጄ ጦርነት ሄዶ መሣሪያውን አስቀምጦ ውሃ ወሰደው? ይህን ነው ሜዳ ላይ የማሳየው? ብላቴ ወንዝ ውስጥ የገባ ጥጃ ነው እንዴ?»

«ብላቴን ከዚያ ወንዝ ጋር አያወዳድሩት፣ አባባ። ብላቴ እንዳለ ቢገለበጥበት ከንፈሩንም አያርስም።»

ወታደሩ ቀበቶውን ፈትቶ መሬት ላይ ዘረጋው። «ወንዙ ይህ ነው። ቀሪው ጫካ ነው። መንገድ የለም፤ ያለውንም ዝናብ በልቶታል። የአገሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፣ ከላይ እነዚያ፣ ከታች እነዚህ። ዱቄት በዚህ ነው የሚመጣው፣ ጋዝ በዚህ፣ መድኃኒት በዚህ። ወንዙን የያዘ ማን እንደሚበላ ይወስናል። እኛ የተላክነው ጀልባ የሚራገፍበትን ቦታ ልንጠብቅ ነው።» ጣቱን የቀበቶው ዘለበት ላይ አሳረፈ።

«ውሃ መንገድ ይቆርጣል እንጂ መንገድ ሲሆን አላየሁም» አለ አባቴ።

ባለሱቁ ከበሩ በኩል ሳቅ አለ። «ባለፈው ክረምት ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው ጨው ማን ዘንድ ነበር?»

«አንተ ዘንድ።»

«ዋጋውን ማን ቆረጠ?»

«አንተ ነሃ፣ ሌባ!»

«እንግዲህ! ያን ክረምት የሰደበኝ ሁሉ ጨው የገዛው ከእኔ ነው። የእኔ ጎርፍ ነው፣ በነጋታው ይጎድላል። የእነርሱ ጎርፍ ዓመቱን ሙሉ ነው።»

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። «ያን ቀን ምን ሆነ?» አለ።

ወታደሩ ቀስ ብሎ ነገረን። ለከተማው ሰው ዱቄት የጫነ ጠፍጣፋ ጀልባ ዳር ታስሮ ነበር። አንዱ ገመድ ተበጠሰ፤ ሞገዱ ጀልባውን ቁልቁል ይጎትት ጀመር። ታች የሚጠብቁት ተዋጊዎች ቢያገኙት ዱቄቱን ይወስዱና ሰዎቻቸውን ጭነው ሊወጉ ወደ ላይ ይመለሱበታል። ወንድሜ ጠመንጃውን አስቀምጦ ሁለተኛውን ገመድ ያዘ፣ ዛፍ ላይ ጠምጥሞ ቋጠረው። የተወጠረው ገመድ ደረቱን መታው። ውሃው ውስጥ ገባ። አልወጣም።

«ጀልባውስ?»

«ቆመ። ዱቄቱ ተራገፈ። ቋጠሮውን ግን ከእኛ መካከል የሚፈታው ጠፋ። በመጥረቢያ ቆረጥነው።»

«እንዴት ነበር የቋጠረው?»

ወታደሩ በቀበቶው ሊያሳይ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አባቴ ተቀበለውና በራሱ ጉልበት ላይ አሰረው።

«ይኸው! ይኸው ነው» አለ ወታደሩ።

«በሬ የምናስርበት ነው» አለ አባቴ።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጦርና ጋሻ ለአማኝ አይሆንም ብዬ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ገመድ መሳብ ኃጢአት ነው የሚል ግን አላነበብኩም።»

ለቅሶ ሜዳው ላይ ወጣን። አባቴ የእንሰት ቃጫ ገመድ ይዞ መጣ። ወታደሩ ለተሰበሰበው ሰው ተናገረ፤ ሰዉ ነገሩ የገባው መሰለን። ነገር ግን የሰፈሩ ወንዶች የሚያውቁት ሰው ከሰው ሲታገል ነውና፣ ለሁለት ተከፍለው የገመዱን ጫፍና ጫፍ ያዙና ተጓተቱ። የታችኞቹ ተደራርበው ወደቁ። አንድ ሰው ሳቀ።

«እንዲህ አይደለም!» ብሎ ወታደሩ ጮኸ። «ማዶ ሰው የለም! ውሃ ነው!»

ለቀቁት። አባቴ ብቻውን ገመዱን ሜዳው ዳር ባለው ሾላ ዛፍ ላይ ጠመጠመ። ጫፉ ሣሩ ላይ ላላ ብሎ ተጋደመ። የሚስበው ከሌለ ማሰሩ ምንም አያሳይም።

«ውሃው ማን ይሁን?» አለ አባቴ።

ልጁን የገደለውን መሆን የሚፈልግ አልነበረም። ሁሉም እግሩን ያያል።

እኔ ሄጄ ጫፉን አነሳሁ። ለምን እንደሄድኩ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ የምጽፈው አላገኘሁም። ሰዎቹ ቆመው ነበር፣ ገመዱ መሬት ላይ ነበር፣ ሄድኩ።

ጀርባዬን ለሾላው ሰጥቼ ገመዱን በትከሻዬ ላይ አድርጌ ሳብኩ።

«ሳብ!» አለኝ አባቴ ከኋላዬ። «እንደ እርሱ ሳብ! አትዘንልኝ!»

በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ። ተረከዜ ሣሩን ነቅሎ ቀይ አፈር አወጣ። መዳፌ ተላጠ፤ መዳፌ ብቻ ተሰማኝ። ገመዱ አባቴን ትንሽ አመለጠው፣ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ከኋላዬ ቋጠረው መሰለኝ፣ ተወጠረና ቆመ። እንደገና ሳብኩ። አልነቃነቅ አለ። ያኔ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፣ ከሁሉም ቀድማ እናቴ።

ስለ ገመዱ፣ ስለ ሣሩና ስለ አፈሩ የጻፍኩት ልክ ነው። የአባቴን ፊት ግን አላየሁም፤ ውሃው እኔ ነበርኩና። እርሱም ስለዚያ ቀን አይናገርም፣ እኔም አልጠይቀውም። በሾላው በኩል የቆማችሁ ሰዎች ብዙ ነበራችሁ። ገመዱ ሲቆም አባቴ ምን አደረገ? ሲያመልጠውስ ምን አለ? አንድ ነገር ሲናገር ሰምቻለሁ፣ ቃሉን ግን አልለየሁትም። ቋጠሮውንስ ማን ፈታው? በማግስቱ ስሄድ ዛፉ ላይ አልነበረም። የምታውቁ ብትነግሩኝ እዚህ ላይ እጨምረዋለሁ።