አራት መቶ ሰባ ስድስት ቁጥር ጃኬት

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም መናኸሪያ ዝናብ ያዘን። ወደ ወግዲ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተጠግተን ስንጠብቅ አንድ ወጣት ፖሊስ እየሮጠ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ከትከሻው ውሃ ይወርዳል፣ የረጠበው ወፍራም ጃኬቱም ሳሙናና ጭስ የተቀላቀለበት የእርጥብ ካኪ ሽታ አመጣብኝ። ዓይኔ ሳላዘው ደረቱ ላይ ወዳለው ቁጥር ሄደ። ልማዴ ነው፤ የፖሊስ ፊት ከማየቴ በፊት ቁጥሩን አነባለሁ። አፍጥጬ ሳየው ጊዜ ልጁ ፈገግ ብሎ «ምነው እናቴ፣ ያውቁኛል እንዴ?» አለኝ። አላውቀውም ነበር። ሽታው ግን ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ወደዋልኩበት አንድ የገበያ ቀን ወሰደኝ።

ያኔ የምንኖረው ከከላላ ከተማ በእግር ራቅ ብሎ ነው። አስተማሪያችን በዚያ ዓመት እስከ መቶ ቤት ያለውን ቁጥር ማንበብ አስተምረውን ስለነበር የማላነበው ነገር አልነበረም፤ የመኪና ታርጋ፣ የቀበሌው በር ላይ የተጻፈው፣ የስኳር ጆንያ ላይ የታተመው፣ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሺህ ቤት ገና አልደረስንም፤ አራት አኃዝ ሲያጋጥመኝ የፊተኛዋን እንዳላየሁ አልፌ የቀሩትን ሦስቱን በኩራት እጠራለሁ። እናቴ ሐሊማ ፊደል አልቆጠረችምና ልክ ብልም ብሳሳትም እኩል «ማሻ አላህ!» ትለኝ ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጭቃው ባልጠጠረበት ጠዋት፣ እናቴ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድሜ ሰይድና እኔ በቅሏችን ላይ ምስር ጭነን ወደ አንዲት የገበያ ከተማ ወረድን። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬም ዘመድ አለኝ እዚያ። እናቴ ከእህል ተራ ስትቀር ሰይድና እኔ በቅሏን ውሃ አጠጥተን በከብት ተራው በኩል ስንመለስ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ሰው ተተራመሰ። ወዲያው አንድ ወጣት ፖሊስ ከየት መጣ ሳንለው ሰይድን ማጅራቱን ያዘውና በጥፊ አጮለው፤ ፍየል ሰርቆ ሮጠ የተባለው ልጅ እንደ ሰይድ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል ተብሎ ነበር መሰለኝ። ሰይድ «እኔ አይደለሁም!» አለ። እኔ የፖሊሱን ጃኬት ጨምድጄ ተንጠለጠልኩበት። ሲገፈትረኝ በጀርባዬ ጭቃው ላይ ወደቅሁ፤ ከወደቅሁበት ሆኜም ደረቱ ላይ ያለውን አነበብኩ። አራት መቶ ሰባ ስድስት።

ሰይድን እየጎተተ ወሰደው፤ እኔ በቅሏን ይዤ እያለቀስኩ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። በቅሏን ለጎረቤት አስይዛ፣ እጄን እየጎተተች ፖሊስ ጣቢያ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ያለው ተረኛ መዝገቡን አገላብጦ «ሰይድ የሚባል አልመጣም። የትኛው ፖሊስ ነው የወሰደው?» አላት።

«አላየሁትም የኔ ጌታ። ልጅቱ ናት ያየችው።»

«አራት መቶ ሰባ ስድስት!» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብዬ።

ተረኛው ሳቀ። «አራት መቶ ሰባ ስድስትማ አስር አለቃ ደምሴ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ቢሮ ከእኔ ጋር ሲጽፉ ነው የዋሉት። ተሳስታለች፣ ሂዱ በሉ።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እንደዚያ ያለ አስተያየት ከዚያ በፊትም በኋላም አይቼባት አላውቅም፤ የሰይድ ዕጣ፣ እሱ የሚያርሰው የቤታችን እርሻ፣ ሁሉም እኔ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር።

«ፋጤ፣ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ አይቻለሁ!»

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ በሩ መካከል ቁጭ አለች። «ልጄ አይቻለሁ ካለች አይታለች። ልጄን ሳላገኝ ከዚህ አልነሣም።»

ሁካታውን ሰምተው አስር አለቃው ወጡ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን፣ በሸሚዝ ብቻ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰይድን የመታው እሳቸው አይደሉም። ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ምዬአለሁ። «እኚህ አይደሉም። ቁጥሩ ግን እሱ ነው» አልኩ።

ተረኛው ሊቆጣኝ ሲል በእጃቸው ከለከሉት። ጎንበስ ብለው «ጃኬቱ ላይ ሌላ ያየሽው ነገር አለ?» አሉኝ።

«የኪሱ ጫፍ ላይ በነጭ ክር ተሰፍቷል። አሰፋፉ ጠማማ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። ጠማማውን ስፌት የሰፉት ራሳቸው ነበሩ። የሌሊቱ ዝናብ የአንድ ወጣት ባልደረባቸውን ጃኬት አበስብሶበት ስለነበር ጠዋት ለገበያ ጥበቃ ሲወጣ የራሳቸውን አውሰውታል። ተረኛው ነገሩ ገባውና ጆሯቸው ላይ ሊንሾካሾክ ሞከረ፤ ድምፁ ወፍራም ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። «ይተዉት አስር አለቃ። እርስዎ እዚህ ነበሩ፣ እኔ ምስክር ነኝ። ደንብ ልብስ ማዋስ እንደሚያስጠይቅ ያውቃሉ።»

«እኔ እዚህ ነበርኩ» አሉ አስር አለቃው፣ «ቁጥሬ ግን እዚያ ነበር። የልጁን መያዝ በእኔ ቁጥር መዝግብ።»

እሱ እስኪጽፍ ቆመው ጠበቁ። ጽፎ ሲጨርስ አነበቡት፣ ከዚያ «ተነሡ እህቴ፣ ልጅዎን እንፈልግ» ብለው ከፊታችን መራመድ ጀመሩ። ጭቃውን በረጅም እርምጃ እየዘለሉ ከሰው ሰው እየጠየቁ ሄዱ፤ እኔ በሩጫ ነበር የምከተላቸው። ሰይድን ከገበያው ጀርባ አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ አገኘነው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ፍየሉን የት እንዳደረሰ እንዲናገር ሲጠየቅ ነበር። አስር አለቃው ለወጣቱ ፖሊስ አልጮሁበትም። «አውልቅ» ብቻ አሉት። ጃኬታቸውን ተቀብለው ለበሱ፣ አዝራሩን እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ ወደ እናቴም ዞረው «ሲከሱ ሁለታችንንም ይክሰሱ። እሱ መታ፣ እኔ አዋስኩ» አሏት።

ፍየሉ እዚያው ከብት ተራ፣ ገመዱን በጥሶ ከሌላ ሰው ፍየሎች ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ። የሰረቀው አልነበረም።

እናቴ ከሰሰች። ወጣቱን ፖሊስ ነበር የከሰሰችው፤ የአስር አለቃውን ስም ከአፏ አላወጣችም። መዝገቡ ግን ተጽፎ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ለምስጋና ቅቤ ይዛ ያንን ሁሉ መንገድ ብትሄድ፣ ማዕረጋቸው ተገፎ ወደ ሌላ አገር መዛወራቸውን ነገሯት። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ቅቤውን መልሳ ይዛው መጣች፤ ለብዙ ቀን ከመደብ ላይ ተቀመጠ፣ ማናችንም አልነካነውም። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ዱዓ ስታደርግ ከአባቴ ስም ቀጥላ «ደምሴን» ትል ነበር። ሰይድ የመጀመሪያ ልጁን ደምሴ አለው፤ የመስጊድ ጎረቤቶቻችን ለምን የክርስቲያን ስም እንዳወጣለት ሲጠይቁት አንድ ጊዜ ይነግራቸዋል፣ ሁለተኛ አይጠይቁትም።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ቁጥር አስተማርኩ፤ በእነዚህ ዓመታት በየቢሮውና በየስብሰባው «እኔ በቦታው አልነበርኩም» የሚል ሰው ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላውቅም። አንድ ጊዜ እኔም ብያለሁ። ያላግባብ የተባረረ ተማሪ ነበር፤ ውሳኔው ላይ ኋላ የፈረምኩት ፊርማዬ አለበት፣ በተወሰነበት ቀን ግን ሥራ ላይ አልነበርኩም፣ ያንኑ ተናግሬ ቤቴ ገባሁ። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ነው አስር አለቃውን መፈለግ የጀመርኩት። ሁለት የፖሊስ ቢሮ ጠይቄ ነበር። በአንደኛው መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ቁጥሩን ስነግራት ፈልጋ «እሱ ቁጥር ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» አለችኝ፤ ከዚያ በፊት የማን እንደነበረ የሚገልጽ ወረቀት የላትም።

በሕይወት ካሉ ሰማንያ አልፏቸዋል። ክረምቱ ሲወጣ ሰይድና እኔ ደሴ ሄደን የፖሊስ ጡረተኞቹን አንድ በአንድ እንጠይቃለን። እዚያ ካጣናቸው ወደሚቀጥለው ከተማ እንሄዳለን።