ወደ ግራ ብቻ የሚዞሩ መኪኖች

ነዳጅ ሰማይ በነካበት በዚያ ዓመት አባቴ መንገድ ዳር የተተከለውን የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን ሁለት ጊዜ ገጭቶ ጣለው። በአንድ ወር ውስጥ፣ ያንኑ ሳጥን፣ በዚያው በመኪናው ቀኝ ጎን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ እየጎተተ አሰብ ወርዶ የወጣ፣ በኋላም የጅቡቲን መንገድ ያረሰ ሾፌር፣ እዚህ ቴክሳስ፣ ሜስኪት በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ዶሮ እንኳ በማይሻገርበት ሰፈር፣ ተገትሮ የቆመ ሳጥን ይግጭ? ወይ ጉድ!

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሳጥኑ ነው ወደ መንገዱ የገባው!» ብሎ ማለልኝ።

እናቴ ከኩሽና ብቅ አለችና «እንዲህ ብለህ አትማል! ሌላ መሐላ ጠፋ?» ብላ ጮኸችበት። ለአንድ ሳጥን ያን ያህል መቆጣቷ ገረመኝ፤ ግን አለፍኩት።

አባቴና እናቴ በፋሚሊ ቪዛ ከመጡ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በማለዳ ወጥቼ ሲመሽ እገባለሁ። ሜስኪት ደግሞ መኪና ለሌለው ሰው እስር ቤት ናት። ሶ፣ አባቴ በመጣ በሦስተኛው ወር የመንጃ ፈቃዱን አወጣ፤ እኔም አንድ አሮጌ የጃፓን መኪና ገዛሁለት። እናቴን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት፣ ሐበሻ ሱቅ የሚወስዳት፣ ለቅሶ የሚያደርሳት እሱ ነው። ቁልፉን ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞ ነበር የሚውለው፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ እንኳ ኮቱን አያወልቅም። ያቺን ቁልፍ ብቀማው ምን ይቀረዋል? ባልቀማውስ፣ ነገ ሳጥኑ ሰው ቢሆንስ? ይኼ ነገር ሰላም ነሳኝ። ግን ከመፍረዴ በፊት ለምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ነገር ካልገባኝ አልቀመጥም፤ ልጅ ሆኜም «ይቺ መርማሪ ፖሊስ ትወጣለች» ነበር የሚሉኝ።

የመኪና እሽቅድምድሙን ወደ ቤታችን ያስገባሁት እኔው ነኝ። ሥራ ቦታ፣ ምሳ በምንበላበት ክፍል ያለው ቴሌቪዥን ሌላ ነገር አያሳይም። ስቶክ ካር ይሉታል፤ ላዩ ሰው ሁሉ የሚነዳው የቤት መኪና ይመስላል፣ ሆዱ ግን ሌላ ጉድ ነው። አርባ ምናምን መኪና ሆነው አራት ሰዓት ሙሉ ወደ ግራ ብቻ ይዞራሉ። መጀመሪያ ስቄ ልሞት። «ለምን ወደ ቀኝ አይዞሩም? ለምን አይደክማቸውም? ሽንታቸውስ?» እያልኩ የቴክሳስ ሰዎችን በጥያቄ አሰለቸኋቸው። እነሱም ደስ ብሏቸው ያስረዱኛል። ስጠይቅ ስጠይቅ እኔው ተያዝኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከየካቲት ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን እንከፍተዋለን። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ትንሽ አየና «ይኼማ እህል ማበራየት ነው! በሬ ውድማ ላይ እንደዚሁ ይዞር የለም እንዴ?» አለ። በሦስተኛው እሑድ ግን ቅዳሴው ከማለቁ ጫማውን ፈልጎ የሚቆመው እሱ ሆነ።

አስተያየቱ ደግሞ አይጣል ነው! በዚያ ዓመት ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት አዲስ መኪና ይንዳ ተብሎ ነበር። ሾፌሮቹ በየሳምንቱ ማማረር ነው፤ አይታጠፍልንም፣ መሪው አይታዘዝም ይላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ መልኩም አስቀያሚ፣ ጀርባው ላይ መደርደሪያ የሚመስል ነገር የተሸከመ። አባቴ ግን «ደግ አደረጉ! መኪናው አንድ ሲሆን ነው ሾፌር የሚለየው። እኔ የነዳሁትን ብታዪ፣ መሪው በልመና ነበር የሚዞረው» ይላል። በዚህ ብቻ አንድ ወር ተከራከርን።

አባቴን ከሁሉ የሚያበግነው ቢጫው ባንዲራ ነበር። አንዱ ላቡን አንጠፍጥፎ ሁሉንም ጥሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ሌላው ግድግዳ ይመታል፣ ቢጫ ይውለበለባል፣ ሁሉም ተሰብስበው ከጀርባው ይደረደራሉ። «የሠራውን ቀምቶ ለሰነፍ ማካፈል! ይኼን ፍርድ ማን ፈረደ?» ብሎ ይነሣል። እናቴ ምስሯን እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሰው ሲወድቅ ዝግ ማለት ነውር ሆነ?» ትለዋለች። ተመልሶ ይቀመጣል።

ሰመሩን፣ የፈረንጁን በጋ ሙሉ፣ ያሸነፈ አንድ ወጣት ነበር፤ አባቴ እንደ ልጁ ነው የወደደው። መጨረሻ ላይ ዐሥር ውድድር ሲቀር ግን አሥራ ሁለቱ ቀዳሚዎች ተመርጠው ነጥባቸው እንደገና ከአዲስ ይጀመራል። ያ ልጅ በነዚያ መጀመሪያ ሳምንታት ዕድሉ ጠመመና በቃ፣ ተረሳ። አባቴ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ራቱን ትቶ ተኝቷል። «ኦኬ አባዬ፣ ሕጉን ዓመቱ ሲጀምር ያውቁታል እኮ» ስለው «ሕግ ስለሆነ እውነት ይሆናል?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ዛሬ ሳስበው እሱ ነበር ልክ፤ ያኔ ግን ምን ቆርጦኝ ላምንለት።

አሁን ወደ ገረመኝ ነገር ልምጣ። አባቴ ቴሌቪዥኑን የሚያየው ከሳሎኑ ጥግ፣ ከበሩ ሥር ተቀምጦ ነው። «ቀረብ በል እንጂ» ስለው «ከዚህ ነው ሙሉውን የማየው» ይላል። ሶፋው ባዶውን ይቀመጣል። እንዲያም ሆኖ ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። አንድ እሑድ ካሜራው አንዱ መኪና ውስጥ ገብቶ ሲያሳይ፣ አባቴ አንገቱን ዘንበል አደረገና «የዚህ ሰውዬ ሞተር አንድ ካንዴላው ሞቷል» አለ። ሳቅሁበት። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ጭሱን እያትጎለጎለ ወጣ። ማለቴ፣ እንዲህ የሚሰማ ሰው እንዴት ሳጥን ይገጫል? ጉዳዩ ይበልጥ ሰቀዘኝ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ውድድሩ እዚሁ አጠገባችን ፎርት ወርዝ ከተማ ሲመጣ፣ ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ። እናቴ «ጆሮዬን ከየት አመጣለሁ» ብላ ቀረች። መንገዱን እኔ ነዳሁ። ቦታው ከከተማው ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ነው፤ መቀመጫው ብቻ ተራራ ያክላል። መኪኖቹ ሲነሡ ድምፁ ጆሮ ሳይሆን ደረት ነው የሚመታው። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አሜሪካ ከመጣ አይቼው አላውቅም፤ እንባዬ መጣ።

እዚያ በጆሮ የሚደረግ ማዳመጫ ያከራያሉ፤ ሾፌሩ ከሰዎቹ ጋር የሚነጋገረውን ያሰማል። አንዱን ለእሱ አደረግሁለት፣ አንዱን ለራሴ። አንድ ድምፅ ያለማቋረጥ ያወራል። «ምንድነው የሚለፈልፈው?» አለኝ። ከመቀመጫዎቹ ሁሉ በላይ፣ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን ሰዎች ነገርኩት። «ስፖተር ይባላሉ። ሾፌሩ በቀበቶ ተጠፍንጎ፣ ጭንቅላቱ ታጥሮ ነው የሚነዳው፤ ጎኑን ማየት አይችልም። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰው እላይ ቆሞ ያይለታል።» ከዚያ የሚሉትን እየተቀበልኩ ተረጎምኩለት፤ «ከግራህ አለ፤ አሁንም አለ፤ በርህ ላይ ነው፤ አለፈ፣ ነጻ ነህ።»

አባቴ ጭኑን መትቶ ሳቀ። «እናትሽ የምትሠራው ይኼንን አይደል እንዴ! እዚህ ደሞዝ ይከፈልበታል!»

«እማዬ ምን ትሠራለች?» አልኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «ምንም፤ እንዲያው ነው» አለና ፊቱን ወደ መኪኖቹ መለሰ። ከዚያ በኋላ ብጠይቀው ብጠይቀው ማዳመጫውን እያሳየ አልሰማሁሽም ይለኛል። ሐሳቤ ከዚያ ቃል አልነቀል ብሎ፣ ማን እንዳሸነፈ እንኳ ያወቅሁት ቤት ገብቼ በዜና ነው። አንዱ ነዳጁን እየቆጠበ፣ ሌሎቹ ሊቀዱ ሲወጡ እሱ ሳይቆም ጨርሶ አሸነፈ፤ አባቴ በሌላ ቀን ቢሆን ይህንን ዓመት ያወራው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ «መኪናዬ አልነሣ ብሎኛል፣ ከእናንተ ጋር ልሂድ» ብዬ ዋሸሁ። ሌላ ጊዜ ከሌሊት ሥራ የሚወጣ ጓደኛዬን ለማድረስ በራሴ መኪና ነበር ቤተ ክርስቲያን የምሄደው፤ ያን ቀን ግን መኪናዬን ለእሱ ሰጥቼው ዋልኩ። ሁለቱ ተያዩ። እኔ ኋላ ገባሁ፤ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከጎኑ ተቀመጠች።

ከሰፈራችን ወደ ዋናው መንገድ የሚያስወጣው መገናኛ ላይ ደረስን። አባቴ ቆመ። መንገዱ ነጻ ነው፤ አይሄድም። ከኋላችን ክላክስ ተነፋ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች፣ እኔን በመስታወት አየችኝ፣ መሪውን የጨበጠውን እጁን አየች። አላስቻላትም።

«ከግራ ነጭ አለ... ቆይ... አለፈ። ከቀኝ ማንም የለም። ግባ!»

ገባ። ፍሪዌዩ፣ ፈጣኑ መንገድ ላይ ስንወጣ ደግሞ አፏ አላረፈም። «ከቀኝህ ትልቅ መኪና፤ አሁንም አለ፤ ጅራቱ ቀረ፤ ነጻ ነው።» ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፤ የለመደችው ሥራ ነው። አባቴ አንድም ጊዜ አንገቱን አላዞረም። እኔ ኋላ ሆኜ የበሩን እጀታ ጨበጥኩ።

«አውጣው! ነዳጅ ማደያው ጋ ፓርክ አድርግ!» ብዬ ጮህኩ።

ሲቆም ያልወጣኝ ቃል የለም። በወላጆቼ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝና «ፊት ለፊቴን ንስር ነኝ። ጎን ጎኑ ነው የማይታየኝ» አለ። ለካ ፈቃዱን ሲያወጣ ፊደሎቹን ፊት ለፊት አንብቦ ነው ያለፈው!

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የጅቡቲን መንገድ ለምን የተወው መሰለሽ?» አለች እናቴ። ለእኛ ለልጆቹ መኪናው ተሸጠ ነበር የተባልነው።

«እና አንቺ ዝም አልሽ? ሁለታችሁም ብትሞቱስ? ሰው ብትገድሉስ?»

እናቴ ከልቧ ገረማት። «ረዳት እያለው? እሱ በጉብዝናው ጊዜ ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስገባ በማን ዓይን ነበር የሚያስገባው? ረዳቱ ከታች ሆኖ ‹ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ በቃ› እያለው አይደል? እኔስ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አጋጭቼዋለሁ?»

«የፖስታ ሳጥኑስ?»

እናቴ ነጠላዋን መሳብ ጀመረች። «ሁለቱንም ቀን ተኳርፈን ነበር» አለ አባቴ። «አላናግርህም ብላኝ ነው።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። አባቴን አንድ ማሽን ውስጥ አገጩን አስደግፈው፣ ብርሃን ባየህ ቁጥር ይህችን ተጫን አሉት። እኔ ከጎኑ ቆሜ ብርሃኖቹ በየጎኑ ብልጭ ሲሉ አያለሁ፤ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። በኋላ ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየን። ዙሪያው ሁሉ ጥቁር ነው፤ መሐሉ ላይ የሳንቲም ያህል ነጭ ቀርቷል። ግላኮማ፣ የዓይን ግፊት ነው አለ፤ ጠብታው የቀረውን ያቆያል፣ የሄደው ግን አይመለስም። ቀጥሎም ስለ መንዳት ተናገረ።

እኔ «ጠብታ ይሰጥሃል» አልኩት።

«ሰውዬው ብዙ አወራ፤ አንቺ ትንሽ ነው የነገርሽኝ» አለ አባቴ። «ተርጉሚው እንጂ።»

ሠላሳ ዓመት እኛን ያሳደገበትን መሪ በእኔ አፍ «ተው» ልበለው? እሱ ጠበቀኝ። ቃሉ አልወጣ ሲለኝ፣ እጁን ኮቱ ኪስ ከተተና ቁልፉን አውጥቶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ገፋው። እናቴ ተነሥታ ወስዳ በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው።

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። እናቴ ያለወትሮዋ ኋላ ገባች፤ አባቴ ከጎኔ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ከሐኪም ቤቱ ግቢ ወጥተን መንገዱ መገናኛ ላይ ስንደርስ፣ እናቴ ከኋላዬ፣ «ከግራ ሰማያዊ አለ... ቆይ... አሁን ነጻ ነው፣ ግቢ» አለች። ገባሁ። ፍሪዌይ ላይም ቀጠለች፤ ከቀኝሽ አለ፣ አሁንም አለ።

አባቴ ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ በቀስታ፣ «ተዪያት» አላት። «እሷ ታያለች።»