ሴቶቹ የቆፈሩት መቃብር

ጥያቄ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፤ ቤተሰቤ በዚህ ያማኛል። ዲላ ካሉ ጓደኞቼ ጋር የሴቶችን የጦርነት ዘመን ትዝታ በድምፅ እየቀዳን ኢንተርኔት ላይ የምናኖርበት ገጽ ከከፈትን ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ገደብ ወረዳ ያለችው አክስቴ ግን በስልክ ተስፋ አስቆርጣኝ ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ? ጦርነቱ እኮ ሰሜን ነበር» አለችኝ።

ቢሆንም ሄድኩ። እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት፤ ስልኬን እንዲቀዳ ከፍቼ አጠገቧ አስቀምጬ ላግዛት ተቀመጥኩ። «ወንዶቹ ሲታፈሱ እናንተ ምን ትሠሩ ነበር?»

«ወንድ የሚሠራውን ሁሉ» አለችና ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ቀነሰች። በጌዴኦኛ ነው የነገረችኝ፤ አማርኛው የእኔ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ወጣቱ ለጦር ሜዳ ሲታፈስ የሰፈሩ ወንዶች ሊደበቁ ጫካ ገቡ፤ ባሏም አብረው። በዚያው ሰሞን የባሏ አባት ሞቱ። በእኛ አገር መቃብር የሚቆፍር ወንድ ነው፤ ሴት አልቅሳ ትሸኛለች እንጂ ዶማ አታነሳም። ግን ወንድ ከየት ይምጣ? አክስቴና ጎረቤቶቿ ዶማ አነሱ።

«እንዴት አወቃችሁበት?»

«መች አወቅንበት! እኛ የምናውቀው የቆጮ ጉድጓድ ነው። ክብ አድርገን ቆፍረን ስናበቃ አንዷ፣ ‹እኚህን ሰው ተቀምጠው ልንቀብራቸው ነው እንዴ?› አለች። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ሳቅ ያዘን። ከዚያ በቁመቱ አስረዘምነው።»

ውስጡንም ቆጮ ሲቀበር እንደሚደረገው የእንሰት ቅጠል አለበሱት። እኔም ሳቅኩ።

ወንዶቹ ተመልሰው «ማን ቀበራቸው?» ሲሉ፣ ሴቶቹ ባሎቻቸው እንዳያፍሩ ብለው «የማዶ መንደር ሰዎች» አሏቸው። የማዶ ሰዎች ተብዬዎቹም ምስጋናውን ዓይናቸውን ሳያሹ ተቀበሉ! የአክስቴ ባል እስከ ዛሬ እነሱን መንገድ ላይ ሲያገኙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው የሚያሳልፏቸው።

«ገጹ ላይ ላውጣው?» አልኳት፤ ጓጉቻለሁ።

«እሱ ሳይሰማ አይሆንም። ከሰው አፍ ቢሰማው ያመዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ዋሸሽኝ ቢለኝስ?»

እስከ እርጅና አብራቸው የኖረችውን ሰው እንዲህ መፍራቷ ገረመኝ፤ አሳዘነኝም።

ከሰዓት በኋላ ባሏ ከገበያ መጡ። «የቀዳሽውን አንቺ ክፈቺለት፤ እኔ አልችልም» አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታ መፋቋን ቀጠለች። እሳቸው በትራቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሳቁ የሚመጣበት ቦታ ላይ አልሳቁም። እኔ በበኩሌ ምነው ባልመጣሁ ማለት ጀምሬያለሁ።

«የአባቴን ፊት ወዴት አዞራችሁት?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ። «የማዶዎቹን ስጠይቃቸው ረሳነው ነው የሚሉኝ።»

አክስቴ ዞር አለች። «ወደ ጫካው ነዋ። አንተ ወደ ሄድክበት። ሲያጣጥሩ አንተን ነበር የሚጠሩት።»

ሽማግሌው አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም። ስልኬን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ልክተት ስል እጄን ያዙኝ።

«ይሄኛውን አልቀዳሽውም» አሉ። «መቅጃውን ክፈቺና ትድገመው።»